ይድረስ፦ የመጥለቂያ ፈቃድ ለሚሰጡት የባሕር ፓርክ ኃላፊ

ጉዳዩ፦ አስጎብኚዎች ውሃ ውስጥም ኃላፊነት እንዲኖርባቸው ስለመጠየቅ

ክቡር ኃላፊ፣

መጀመሪያ ጥፋቴን ልናዘዝ። ኮራል ሰብሬያለሁ። ሆን ብዬ አይደለም። ካሜራዬን ደግኜ አንዲት ትንሽ ዓሣ ላይ አፍጥጬ ሳለ፣ እግሬ ላይ ያጠለቅኩት መቅዘፊያ ከኋላዬ የነበረውን ቅርንጫፋም ኮራል መታው። ቀጭ አለ። ዞር ስል የጣቴን ያህል ቁራጭ ቀስ እያለ ወደ አሸዋው ሲወርድ አየሁ። የተሰበረበት ቦታ እንደ ጠመኔ ነጭ ነበር። ፎቶውም ደብዝዞ ነው የወጣው።

አስጎብኚያችን አጠገቤ ነበር። አይቶኛል። ምንም አላለም። ጀልባው ላይ ከወጣን በኋላም ዝም። አልፈርድበትም፤ ደንበኛውን የሚቆጣ ሰው ቲፕ አያገኝም። ከመግባታችን በፊት «ምንም ነገር እንዳትነኩ» ብሎናል፣ እኛም እሺ ብለናል። በቃ፣ ግዴታው እዚያ ላይ አልቋል። ይህን የምጽፍልዎ ስለዚያ ዝምታ ነው።

ኮራል ድንጋይ መስሎ ይታያል እንጂ እንስሳ ነው። ፖሊፕ የሚባሉ ጥቃቅን እንስሳት ተጠጋግተው እየኖሩ ከሥራቸው የኖራ ድንጋይ አፅም ይሠራሉ። ከላይ ያለው ሕያው ሥጋ ስስ ነው። ሰው ሲደገፍበት ይላጣል፤ ቁስሉ ላይ አልጌ ይበቅላል፣ በሽታም ሊገባበት ይችላል። ቅርንጫፋሞቹ ዓይነቶች በፍጥነት ያድጋሉ። ጉብ ጉብ ያሉት ግን በዓመት ቢያድጉ አንድ ወይም ሁለት ሴንቲ ሜትር ነው። አንድ ሜትር የሞላ ጉብታ በዕድሜ አባቴን ሊያክል ይችላል ማለት ነው። እኛ ደግሞ ጉልበታችንን አሳርፈንበት የአየር መለኪያችንን እናያለን።

«የኮራል ጠላት የባሕር ሙቀት እንጂ ጠላቂ አይደለም» የሚልዎ ሰው አይጠፋም። እውነቱን ነው። እ.ኤ.አ. በሚያዝያ 2024 ዓለም አቀፍ የኮራል መንጣት (ኮራል በሙቀት ተጨንቆ ቀለሙን ማጣቱ) ለአራተኛ ጊዜ መከሰቱ ይፋ ሆኗል። የእርስዎ ቢሮ የባሕሩን ሙቀት መቀነስ አይችልም። የእኔን እግር ግን አደብ ማስያዝ ይችላል። በሙቀት የተዳከመ ኮራል ላይ ደግሞ ምት ሲጨመርበት አስቡት።

ምን እንደሚሠራና ምን እንደማይሠራ ከተጠና ቆይቷል። ሴንት ሉሲያ ውስጥ ተመራማሪዎች 353 ጠላቂዎችን ውሃ ውስጥ እየተከተሉ ታዝበው ውጤቱን እ.ኤ.አ. በ2004 አሳትመዋል። ጀልባ ላይ የሚሰጥ አጭር ማሳሰቢያ ብቻውን ለውጥ አላመጣም። ለውጥ ያመጣው አስጎብኚው እዚያው ውሃ ውስጥ ጣልቃ ሲገባ ነው። ካሜራ የያዙት ከሌሎቹ የበለጠ ኮራል ነክተዋል (እኔን የሚያውቁኝ ነው የሚመስለው)። የግብፁ ራስ መሐመድ ፓርክ ውስጥ ደግሞ ገለጻው ረዘም ብሎ ውሃ ውስጥ በተግባር ሲታይ ንክኪው በጣም ቀንሷል። ካሪቢያን ያለችው ቦኔር ደሴት ጓንት ከልክላለች፤ እጁ የተሸፈነ ሰው ያገኘውን ሁሉ ይጨብጣላ። አዲስ መጪም መጀመሪያ ገለጻ ሰምቶ አንድ የሙከራ መጥለቅ ሳያደርግ ወደ ሌላ ቦታ አይሄድም። መልሕቅ መጣልም ክልክል ነው።

የማሌዥያዋ ሲፓዳን የዕለቱን ጠላቂዎች ቁጥር ትገድባለች። ጥሩ ነው። ግን ኮታ ብቻውን አያጠግበኝም፤ ጥቂት ግዴለሾችም ብዙ ይሰብራሉ።

የምለምንዎ ፈቃዱ ላይ የሚጻፍ ነገር ነው። ማንም አዲስ ሰው መጀመሪያ ኮራል በሌለበት አሸዋማ የባሕር ወለል ላይ ይሞከር። ለመስመጥ ወገቡ ላይ ብዙ የእርሳስ ብረት ክብደት የታጠቀ ሰው ውሃ ውስጥ እንደሚራመድ ሰው ቀጥ ብሎ ይቆማል፣ እግሩም ኮራሉን እየጠረገ አሸዋ ያቦንናል። አሸዋው ተመልሶ ፖሊፖቹ ላይ ይራገፋል። ይህን ለማስተካከል አንዳንዴ ሁለት ኪሎ መቀነስ ይበቃል። እስኪስተካከል ካሜራው ጀልባ ላይ ይቆይ። አንድ አስጎብኚም ዓይኑ ከሚደርስባቸው በላይ ሰዎች አይስጡት።

ዋናው ግን ይሄ ነው። ኮራል ሲነካ ያየ አስጎብኚ ሰውየውን የማስቆም ግዴታ ይኑርበት። ከደገመ ይዞት ይውጣ። አይቶ እንዳላየ የሚያልፍ ድርጅት ፈቃዱ ይታይ። ይህ አስጎብኚውን ለመቅጣት አይደለም፤ እንዲያውም ይከልለዋል። ደንበኛው ፊቱን ሲያጠቁርበት «እኔ ሳልሆን ፓርኩ ነው» ብሎ የሚያመልጥበት ያገኛል።

ያን ቀን አስጎብኚዬ የአየር ሲሊንደሬን ቢያንኳኳብኝ ኖሮ እናደድ ነበር። እራት ላይም አማው ነበር። ካሜራዬን ግን ዝቅ አደርግ ነበር።

ከአክብሮት ጋር፣
አንድ ጠላቂ