የአዳማ ተዋናይ ትራንስፖርትም ይታሰብለት

ለአዘጋጁ፦

ስለ ተዋንያን ክፍያ ያወጣችሁትን ጽሑፍ አነበብኩት። ሒሳቡ የተሠራው አዲስ አበባ ለሚኖር ተዋናይ ነው። ከአዳማ እየተመላለሰ ለሚሠራ ሰው ነገሩ ይለያል።

አዳማ ከአዲስ አበባ 100 ኪሎ ሜትር ያህል ትርቃለች። ክፍያ የሚታሰበው ግን ካሜራ ፊት ለቆምንበት ቀን ብቻ ነው። ልምምዱም፣ ለኦዲሽን የሚደረገው ምልልስም ከኪሳችን ነው። ባለፈው ዓመት ለአንድ ተከታታይ ድራማ ከሌሊቱ 10 ሰዓት ተነሥቼ ሚኒባስ ተሳፈርኩ። ጠዋት 2 ሰዓት ላይ ሜካፕ ተቀብቼ ቁጭ አልኩ። ከቀኑ 9 ሰዓት ሲሆን «ጄኔሬተሩ አልመጣም፣ ሐሙስ ተመለሱ» ተባልን። የዚያ ቀን ክፍያ? ዜሮ። ሱቅ የምሠራበት ቀንም አብሮ ተቃጠለ። (አዎ፣ ቤት ኪራዬን የሚከፍለው ሱቁ ነው።)

ሌላው የቃል ስምምነት ነው። «ሥራው ሲሸጥ እንተሳሰባለን» ይባላል። የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 ለከዋኞች (እንደ ተዋናይና ዘፋኝ ላሉ ሥራ አቅራቢዎች) መብት ይሰጣል፤ ወረቀት የሌለው ሰው ግን ምን ይዞ ይከራከር?

ስለዚህ ከልምምድ በፊት አንድ ገጽ ውል ይፈረም። የቀን ክፍያው፣ ትራንስፖርቱ፣ ቀረጻ ሲሰረዝ የሚከፈለው የግማሽ ቀን ሒሳብ፣ ቀሪው ገንዘብ የሚሰጥበት ቀን ይጻፍበት። የከተማችን የባህል ጽሕፈት ቤትም በወር አንድ ቀን አዳራሽ ይፍቀድ፤ ኦዲሽኑ አዳማ ላይ ይደረግ። ሃምሳ ተዋናይ አዲስ አበባ ከሚሄድ ሦስት መራጭ አዳማ ቢመጣ ይረክሳል።

አንድ ተዋናይ፣ ከአዳማ