ስለ ጃንጂራ ምሽግ፦ ለቅዳሜው ውይይታችን

ውድ አባላት፣ ጤና ይስጥልን።

በቅዳሜው ስብሰባ የምንነጋገረው በሕንድ ማሃራሽትራ ግዛት፣ ከሙሩድ ከተማ አቅራቢያ፣ በአረብ ባሕር ላይ ስላለው የጃንጂራ ምሽግ ነው። ስሙ «ጀዚራ» ከሚለው የዐረብኛ ቃል የመጣ ሲሆን ትርጉሙም ደሴት ማለት ነው። ግንቡ ዓለቱን ዳር እስከ ዳር ስለሚሸፍነው ከሩቅ ሲያዩት ከባሕሩ የበቀለ ይመስላል፤ ዋናው በር ጀልባው እስኪቀርብ ድረስ አይታይም። በጨው ውኃ መካከል ቢሆንም በውስጡ የጣፋጭ ውኃ ኩሬዎች አሉት። ለረጅም ከበባ የበቃው በዚህም ጭምር ነው።

እኔን ግን ከሁሉም በላይ የሚነካኝ የገዢዎቹ ታሪክ ነው። ሲዲዎች ይባላሉ፤ በሕንድ «ሐበሺ» ተብለው የሚጠሩ፣ ብዙዎቹ ከእኛው አካባቢ በባርነት ተግዘው የሄዱ ሰዎችና ዘሮቻቸው ናቸው። በሕንድ የነበረውን የአሕመድናጋርን መንግሥት የመራው ኢትዮጵያዊው ማሊክ አምባርም ያለፈው በዚሁ የባርነት መንገድ ነበር። በሰንሰለት የተወሰዱ ሰዎች ባሕር ኃይል አደራጅተው የባሕር ዳርቻ ጌቶች መሆናቸውን ሳስብ ሐዘንም ኩራትም ይሰማኛል።

በምዕራብ ሕንድ የነበሩት የማራታ ሕዝቦች ንጉሥ ሺቫጂ ምሽጉን ለመያዝ ደጋግሞ ሞከረ፤ አልቻለም። ልጁ ሳምባጂ እ.ኤ.አ. በ1682 ባሕሩን ሞልቶ እስከ ደሴቲቱ መንገድ ለመሥራት ተነሣ፤ እርሱም አልተሳካለትም። የሲዲዎች አገዛዝ እስከ 1948 እ.ኤ.አ. ዘለቀ።

ወደ ሙምባይ ለሥራ ወይም ለሕክምና የምትሄዱ አባላት፣ ከክረምቱ ዝናብ ወራት ውጪ ከራጃፑሪ መንደር በጀልባ መሻገር ትችላላችሁ። ቦታውን ያያችሁ ካላችሁ ፎቶግራፎቻችሁን ለቅዳሜ ይዛችሁልን ኑ።