ዳማ ጥላ ይወዳል

ለምወድህ አባቴ፣

እንደምን ሰነበትክ? ጉልበትህስ እንዴት ነው? እኔና ልጆቹ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። ሐዋሳ ሰሞኑን ዝናብ በዝናብ ሆናለች። የአዳማ ሙቀት እንዴት እያደረገህ ነው?

ስልክ እያለ ደብዳቤ መጻፌ ይገርምህ ይሆናል። በስልክ ስላንተ ማውራት ስጀምር "ልጆቹ በሉ?" ብለህ ወሬ ትቀይርብኛለህ። ወረቀት ግን እስከ መጨረሻው ታነባለህ። መነጽርህን አድርገህ፣ መስመሩን በጣትህ እየተከተልክ።

ባለፈው ሳምንት አንድ ጎረቤታችን አረፉ። እንደ አንተ የቀድሞ ሠራዊት ነበሩ። የሕይወት ታሪካቸውን እንድጽፍ ቤተሰቡ ለመነኝ። ውትድርናውን ጻፍኩ። ከ1983 ወዲህ ያለውን ስጠይቅ ልጃቸው ትንሽ አሰብ አደረገና "በቃ፣ በልዩ ልዩ የግል ሥራዎች ተሰማርተው ልጆቻቸውን አሳድገዋል በይው" አለኝ። ጻፍኩት። ቀብር ላይ ሲነበብ ግን ሆዴ ተላወሰ። ያ ሁሉ ዓመት በአንድ መስመር አለፈ። እሳቸውም አይሰሙም።

"ምን ታሟርቺብኛለሽ?" እንዳትለኝ። ዕድሜህን ያርዝምልኝ። ያንተን ግን አንተው እያነበብከው ልጽፈው ቆረጥኩ።

ውትድርናህን ሰፈሩ ሁሉ ያውቀዋል። እስካሁን "አሥር አለቃ" ነው የሚሉህ። በ1966 ተቀጠርክ፤ ሐረር፣ 3ኛ ክፍለ ጦር። በመስከረም 1970 ጅጅጋ በሶማሊያ ጦር እጅ ስትገባ ለቃችሁ ወጣችሁ። ስለዚያ መውጣት ብዙ አታወራም። መመለሱን ግን ስንቴ ነገርከን! የእማዬን ረከቦት ካራማራ፣ አንዷን ሲኒ ጅጅጋ ታደርጋለህ። ከዚያ ጦሩ ከኩባዎቹ ጋር ተራራውን በሰሜን ዞሮ ከኋላ እንዴት እንደመጣ በጣትህ ታሳየናለህ። የካቲት 26 ቀን 1970። እማዬ "ሲኒዬን እንዳትሰብርብኝ" ትልሃለች። ጭንህ ውስጥ የቀረው ፍንጣሪ ብርድ ሲሆን ያምህ ነበር። እሱንም አታወራም።

እኔ መጻፍ የምፈልገው ከዚያ በኋላ ያለውን ነው። ግንቦት 1983 ሠራዊቱ ተበተነ። የ17 ዓመት ደንብ ልብስ አወለቅክ። ቤት ስትደርስ እግርህ አብጦ እንደነበር እማዬ ነግራኛለች። ሦስት ልጆች ነበርን። ሁለት ወር ሳይሞላ ተበድረህ ፈረስና ጋሪ ገዛህ።

ያኔ አዳማ የጋሪ ከተማ ነበረች። አንተ እስከዛሬ "ናዝሬት" ነው የምትላት። ሌሊት 11 ሰዓት ተነስተህ ለፈረስህ ለዳማ ፉርሽካውን ታቀርባለህ። ገላውን ታሻሻለህ፤ ጆሮው ሥር፣ ልጓሙ የሚነካው ቦታ ቆስሎ እንደሆነ በጣትህ ትዳብሳለህ። ጅራፍ ይዘህ አይቼ አላውቅም። በምላስህ "ቅ ቅ" ካልክለት ይሄዳል። ኮዳህን በእርጥብ ጨርቅ ጠቅልለህ ጋሪው ላይ ትሰቅላለህ። በዚያ ሙቀት ውሃው ቀዝቃዛ ነበር። የተጠማ ተሳፋሪ ካለ በክዳኑ ትቀዳለታለህ።

እማዬ በታመመችባቸው ሁለት ዓመታት ሹሩባ መሥራት ተማርክ። አጥብቀህ፣ እንደ ልጓም ነበር የምታስረው። ግንባሬ ተወጥሮ ትምህርት ቤት እሄድ ነበር። ግን ሳምንቱን ሙሉ አይፈታም።

አሁን ወደማፍርበት ነገር ልምጣ። ሰባተኛ ክፍል ነበርኩ። ጠዋት ጠዋት በጋሪው አድርሰኸን በር ላይ ታወርደናለህ። አንድ ቀን አንዲት ልጅ "የባለጋሪው ልጅ" አለችኝ። ማታ ራቴን አልበላም አልኩ። ምክንያቱን አልነገርኩህም፤ ለማንም አልነገርኩም። በማግስቱ ግን ጥግ ላይ፣ ግራሩ ጋ አቆምክ። "ከዚህ በእግራችሁ ሂዱ። ዳማ ጥላ ይወዳል" አልከን። ሦስት ዓመት ሙሉ እዚያ አቆምክ። ደመና በሆነበት ቀን እንኳን፣ ጥላ በሌለበት።

እንዴት አወቅክ? እስከዛሬ ያልጠየቅኩህ ፈርቼ ነው። ያኔ እፎይ ብዬ ነበር፤ ይሄ ነው የሚያንገበግበኝ። በዚያ ጋሪ ነው የተማርነው። ደብተሬ፣ ጫማዬ፣ ኮሌጅ ስገባ የያዝኩት ፍራሽ ሁሉ ከዳማ ኮቴ የመጣ ነው። ይቅር በለኝ አባዬ።

ባጃጅ መጥቶ የጋሪ ገበያ ሲቀዘቅዝ ዳማን ለገበሬ ሸጥከው። የዚያን ቀን ምሳ አልበላህም። የጋሪውን መቀመጫ ጣውላ ግን አልሸጥክም። አግዳሚ አድርገህ ግቢ ውስጥ ተከልከው። አሁንም ይሄን የምታነበው እሱ ላይ ተቀምጠህ መሆን አለበት። በቀኝ በኩል ያለው ቀዳዳ ኮዳህ የተሰቀለበት ሚስማር ቦታ ነው። ልጆቼ ሲመጡ ጣታቸውን ይከቱበታል።

እና እኔ የምጽፈው የሕይወት ታሪክ ውስጥ "ልዩ ልዩ የግል ሥራዎች" የሚል የለም። ባለጋሪ ነበር ብዬ ነው የምጽፈው። ዳማንም እጽፋለሁ።

አንድ የጎደለኝ ነገር አለ። በየካቲት 26 በጠራራ ፀሐይ ካፖርትህን ደርበህ በረንዳ ላይ ብቻህን ትቀመጣለህ። ከንፈርህ ይንቀሳቀሳል። አንዴ "የማነው ስም ነው?" ብዬህ "ከኮዳው ያጠጣኝ ልጅ ነው፤ እዚያው ቀረ" አልከኝ። ከዚያ በላይ አልነገርከኝም። ኮዳውም የሱ እንደነበር የነገረችኝ እማዬ ናት።

ዘንድሮ ለየካቲት 26 እመጣለሁ። ልጆቹንም ይዣቸው እመጣለሁ። ደብተርና እስክሪብቶ ይዤ አግዳሚው ላይ አጠገብህ እቀመጣለሁ። ስሙን ከነአባቱ ንገረኝ።

ልጅህ
ከሐዋሳ