በሞቴ መድሃኒትህን አታቋርጥ

ልጄ፣ የኔ ጌታ፣ እንደምን ሰነበትክ? እህትህ ትናንት ማታ ደውላ ሁሉንም ነገረችኝ። እሷን እንዳትቆጣት፣ አፋጥጬ ያወጣጣኋት እኔ ነኝ። መድሃኒቱን ትቶታል አለችኝ፣ ሌሊቱን ስዕል ሲስል ያድራል፣ እህል በአፉ አይዞርም፣ ስጠይቀው ደግሞ የሰዓሊውን የቪንሰንት ቫን ጎግን ፊልም እየጠቀሰ «እሱ ኪኒን ሲውጥ ቢውል ኖሮ እነዛን ስዕሎች ይስላቸው ነበር?» ይለኛል አለችኝ። በስልክ ብነግርህ እንደለመድከው ታቋርጠኛለህና ቁጭ ብዬ ጻፍኩልህ። ከሁሉ በፊት፦ በሞቴ፣ ሐኪሙን ሳታማክር መድሃኒትህን አታቋርጥ።

ያ ፊልም እኛ ቤት ስንቴ እንደታየ ታውቃለህ። ለስት ፎር ላይፍ፣ በፈረንጆች የ1956ቱ። አባትህ ዛሬም አንቶኒ ኩዊን ነው የሚበልጠው ባይ ነው፣ ጓደኛውን ሰዓሊ ጎጋንን ሆኖ ብቅ ጥልቅ ብሎ ኦስካሩን ይዞ ሄደ፣ ከርክ ዳግላስ ቫን ጎግን ሆኖ ፊልሙን ሙሉ ተሸክሞ ታጭቶ ቀረ እያለ ይስቃል። እህትህ ዳግላስ ያበዛዋል፣ ጥርሱን እያፋጨ ነው የሚያወራው ትላለች፣ እጁን ሻማው ላይ የሚይዝባት ቦታ ስትደርስማ ተነስታ ትወጣለች። አንተ ደግሞ ባርኔጣው ላይ ሻማ ለኩሶ በጨለማ የሚስልበትን እየመለስክ እየመለስክ ታይ ነበር፣ እኔም ልጄ ቀለም ይወዳል ብዬ ደስ ይለኝ ነበር።

እኔ ግን ሁሌም የማየው የቫን ጎግን ወንድም ቴዎን ነው። ስለሱ ማንም አያወራም። ወንድሙ ገንዘብ ባይልክ፣ ሸራና ቀለም ባይገዛ፣ ከዛ ማዕድን ቆፋሪዎች መንደር ሄዶ ከጭድ ላይ ባያነሳው የትኛውን ስዕል ነበር የምናየው? እሱም ቪንሰንት በሞተ በስድስት ወሩ ተከተለው፣ ስዕሉንና ደብዳቤውን ሰብስባ ለዓለም ያሳየችው የቴዎ ሚስት ዮሃና ናት። ይሄ ፊልሙ ውስጥ የለም።

ፊልም ፊልም ነው ልጄ። ሁለት ሰዓት ውስጥ የሰውን እድሜ ሊጨርስ ስለሆነ ይጮህና ይስላል፣ ይወድቅና ይስላል፣ የሚያየው ሰው ጩኸቱ ነው የሳለው ብሎ ይነሳል። መጨረሻ ላይ እንኳን ቁራዎቹን የሚስልበት ነገር የመጨረሻው ስዕል አይደለም፣ አሁን አጥኚዎቹ የመጨረሻው የዛፍ ስሮቹ ስዕል ነው ይላሉ። ቁራ ግን ለሲኒማ ያምራል። ሳንሬሚ የአእምሮ ሕሙማን ሆስፒታል እያለ ሕመሙ ሲነሳበት ቀለሙን ሊበላ ስለሞከረ ቀለም ከልክለውት እንደነበርስ ታውቃለህ? ያቺ ግድግዳህ ላይ የለጠፍካት ባለኮከቡ ሌሊት፣ የ1889 ሰኔዋ፣ እዛ ገብቶ ሻል ብሎት በነበረ ጊዜ ነው የተሳለችው፣ ሕመሙ እንደገና የጣለው ከዛ በኋላ ነው። ራሱም ለወንድሙ የጻፈው ይሄ የተረገመ በሽታ ባይኖር ስንት ነገር በሰራሁ ነበር እያለ ነው። አንተ የምትመኝለትን እሱ ይረግመው ነበር! ስለዚህ መድሃኒትህን አታቋርጥ።

አጎትህን አንስቼልህ አላውቅም፣ አባትህም አታንሺ ይለኛል፣ ግን ዛሬ ይነሳ። ወንድሜ እጁ ወርቅ ነበር። የእናታችንን እጅ ሲስል ጣቷ ላይ ያለችው የመርፌ ጠባሳ ሳትቀር ትታይ ነበር። ከዛ አመመው፣ ታክሞ ተሻለው፣ ከዛ እንዳንተ ኪኒኑ እጄን ያንቀጠቅጠኛል፣ ስዕሉም አይታየኝም ብሎ ተወው። መጀመሪያ አካባቢ ደስ ይል ነበር፣ አይተኛም፣ ይስቃል፣ እንግዳ በመጣ ቁጥር «አቤት ተሰጥኦ!» ይባላል፣ ተኝተህ ታውቃለህ ወይ ያለው ግን የለም። እነዛን ሌሊት የሳላቸውን ወረቀቶች እስካሁን አስቀምጫለሁ። ሰው ሲያያቸው ጥልቅ ናቸው ይላል። ጥልቅ አይደሉም፣ መስመር በመስመር ላይ፣ መስመር በመስመር ላይ ነው፣ ከሰሉ ወረቀቱን እስኪቀደው ድረስ። የእናታችን እጅ አንዱም ላይ የለም። ከዛ በኋላ እርሳስ ስጡኝ ብሎ አያውቅም፣ ኖረ፣ ግን እጁን ጭኑ ላይ አድርጎ ቁጭ ነው። እናታችን እስክትሞት ድረስ ልደቷ ሲደርስ አጠገቡ ባዶ ወረቀት ታስቀምጥለት ነበር።

ምን ልልህ ነበር... አዎ፣ እጅህ የሚንቀጠቀጥ ከሆነ ውሸትህን አይደለም፣ አምንሃለሁ፣ ቀላልም ነገር አይደለም። ግን እሱን ለዶክተሩ ንገረው። መጠኑን ማስተካከልም ሌላ መቀየርም ይችላሉ፣ ስራቸው ነው። ዝም ብለህ ትተህ እኔን አታስጨንቀኝ። አሁንም ልድገመው፣ መድሃኒትህን በራስህ አታቋርጥ፣ ትቼዋለሁ ብለህም በድንገት ሁሉንም አንድ ላይ እንዳትውጠው፣ ጠይቀህ ጀምር።

ዳግላስን ልንገርህና ልተው። ያንን ሲሰራ ቀይ ፂሙንና ትልልቅ ቦቲውን እንዳደረገ ቤቱ እየገባ ሚስቱን ያስፈራት ነበር አሉ። ቀረጻው ሲያልቅ ግን ፂሙን ተላጨው። ቫን ጎግ በ37 ዓመቱ ሞተ፣ እሱን የተጫወተው ሰውዬ 103 ዓመት ኖረ። አንተም ፂምህን ተላጭ፣ ፎቶህን አየሁት፣ አያምርብህም።

ሐሙስ ጠዋት እህትህ መጥታ ትወስድሃለች፣ ዶክተሩ ጋ ቀጠሮ ይዛልሃለች፣ አልሄድም ብትል እኔ ራሴ እመጣለሁ፣ ስመጣ ደግሞ ታውቀኛለህ። ያ ተርፐንታይን ከምትተኛበት ክፍል ይውጣ፣ ስትስል መስኮት ክፈት። ብሩሽ በአፍህ አትያዝ፣ ነጩ ቀለምህ እርሳስ የሚባለው ማዕድን ያለበት እንደሆነ ቱቦው ላይ አንብብ፣ ሳትታጠብ አትብላ። አትብላ ስል ደግሞ ብላ ማለቴ ነው። የላክሁልህ ብር ለሸራ ብቻ አይደለም። መድሃኒቱ ካለቀ መግዣውንም ጨምሬበታለሁ፣ ደረሰኙን ፎቶ አንስተህ ላክልኝ።

እናትህ