መግለጫው በቃን፣ መዝገቡስ?

ውድ አዘጋጅ፣

በየዓመቱ መጋቢት 6 ስለ እስላሞፎቢያ፣ ማለትም ሙስሊሞችን ስለ መጥላት፣ የምታወጡትን ዜና አነባለሁ። ዕለቱ የተባበሩት መንግሥታት የሰየመው ቀን ስለሆነ መዘገባችሁ ደግ ነው። ግን ዜናው ከአምናው አይለይም። ዋና ጸሐፊው እንዲህ አሉ፣ የእስላማዊ ትብብር ድርጅት አወገዘ፣ አለቀ። ሙስሊሙ ራሱ ምን እያደረገ ነው ብሎ ለሚጠይቅ አንባቢ ምንም የሚቀር ነገር የለውም።

ቀኑ ከየት እንደመጣ እናስታውስ (ዓመቶቹን እንደ ፈረንጆቹ እጽፋለሁ)። በ2019 በዚያ ዕለት በኒውዚላንድ ክራይስትቸርች አንድ ታጣቂ ለጁምዓ የተሰበሰበ ሰው ላይ ተኩሶ በሁለት መስጊዶች 51 ሰው ገደለ። በ2022 ፓኪስታን በእስላማዊ ትብብር ድርጅት ስም ያቀረበችው ሐሳብ ጸድቆ ቀኑ ዓለም አቀፍ ሆነ። ይሁን፣ አልጠላሁትም።

እኔን የሚቆጨኝ ከጥቃቱ በፊት የነበረው ነው። የኒውዚላንድ ሙስሊም ሴቶች ምክር ቤት ለዓመታት የመንግሥትን በር ሲያንኳኳ ነበር። በሴቶቻችን ላይ የሚደርሰው ትንኮሳ በዝቷል፣ ቀኝ አክራሪዎች እየተበራከቱ ነው ብለው ተናግረዋል። ከጥቃቱ በኋላ የተቋቋመው አጣሪ ኮሚሽን በ2020 ሪፖርቱን ሲያወጣ፣ የጸጥታ ተቋማቱ አቅማቸውን ከልክ በላይ ያዋሉት የሙስሊም አክራሪዎችን ለመከታተል እንደነበር ገለጠ። ፖሊስም የጥላቻ ወንጀልን ለይቶ የሚይዝበት ወጥ አመዘጋገብ አልነበረውም። ኮሚሽኑ ያ ቢስተካከል ኖሮ ገዳዩ ቀድሞ ይያዝ ነበር አላለም፣ እኔም አልልም። ግን ሴቶቹ እውነታቸውን ነበር። በእጃቸው ያለው ስሞታ ብቻ ነበር፤ መንግሥት በራሱ ወረቀት ላይ የጻፈው ቁጥር አልነበረም።

እንግሊዝ አገር የምኖር ስለሆነ የዚህን አገር ነገር ቀረብ ብዬ አይቻለሁ። ከ2012 ጀምሮ ቴል ማማ የሚባል ድርጅት አለ። የተሰደበ፣ የተተፋበት፣ ሂጃቧን የተጎተተች ሰው ይደውልላቸዋል ወይ መልዕክት ይልክላቸዋል። እነሱ ይጠይቃሉ፣ ያጣራሉ፣ ለፖሊስ ወይም ለጠበቃ ያገናኛሉ፣ ይቆጥራሉ። ከመንግሥት ገንዘብ ይቀበል ስለነበር ያልወደዱት ሙስሊሞችም ነበሩ። ከ2016 ጀምሮ ደግሞ የእንግሊዝና የዌልስ ፖሊስ በሙስሊሞች ላይ የሚፈጸመውን ለብቻው መመዝገብ ጀመረ። እስከ መጋቢት 2024 በነበረው አንድ ዓመት 3,866 ወንጀል ተመዝግቧል። ይህ እንግዲህ ለፖሊስ የደረሰው ብቻ ነው።

ያልደረሰውን እኔ አውቃለሁ። በመስጊዳችን የሴቶች ጀመዓ ውስጥ ያለች አንዲት እህታችን አውቶቡስ ውስጥ ከኋላዋ የተቀመጠ ሰውዬ ሻሿን ይዞ ጎተተባት። ፒኗ አንገቷን ቧጨራት። ሰው ሁሉ ስልኩን ያያል። ሳትደርስ ወርዳ በዝናብ በእግሯ ሄደች። ይህንን የነገረችን በኢፍጣር ላይ ሾርባ እየቀዳች፣ እየሳቀች ነው። ለፖሊስ ነገርሽ ወይ ስላት፣ «ኧረ ተይኝ! ለማን ብዬ? ደግሞ ወረቀቴ ገና ነው። አላህ ያየዋል» አለችኝ። አላህማ ያየዋል። የፖሊስ መዝገብ ላይ ግን የለችም። እንደሷ ያሉ ሐበሾች ስንት እንደሆኑ የሚያውቅ የለም፣ እኛ ችግር አንፈልግማ።

በሐምሌ 2024 መጨረሻ እዚሁ እንግሊዝ፣ ሳውዝፖርት ውስጥ ሦስት ሕፃናት ልጃገረዶች ከተገደሉ በኋላ ገዳዩ ሙስሊም ስደተኛ ነው የሚል የሐሰት ወሬ ኢንተርኔት ላይ ተነዛ። የከተማው መስጊድ በድንጋይ ተደበደበ። በማግስቱ ጎረቤቶች መጥተው የፈረሰውን አጥር መልሰው ገነቡት። ሊቨርፑል ውስጥ ደግሞ ኢማም አደም ኬልዊክ መስጊዱ በር ላይ ሊቃወሙ ለመጡት ሰዎች በርገርና ቺፕስ ይዘው ወጡ። ከአንዱ ጋር ተቃቀፉ፣ ፎቶው ዓለምን ዞረ። ጀርመኖችም ከ1997 ጀምሮ በየዓመቱ ጥቅምት መጀመሪያ በአገሪቱ የውህደት ቀን መስጊዶቻቸውን ለጎረቤት ይከፍታሉ። ደስ ይላል። ግን አንድ ነገር ይከነክነኛል። ኢማሙ ያደረጉት ትልቅ ሰውነት ነው፣ ከሁላችንም የሚጠበቅ ግዴታ ግን አይደለም። ሻሿ የተጎተተባት ሴት በርገር ይዛ እንድትወጣ የሚጠብቅ ሰው ካለ እሱ ራሱ በርገሩን ይዞ ይውጣ።

መዝገብ መያዝም ቢሆን አደጋ አለው። ፈረንሳይ ውስጥ ለዓመታት ይህንኑ ሥራ ሲሠራ የነበረውን ፀረ እስላሞፎቢያ ማኅበር መንግሥት በ2020 መጨረሻ አፈረሰው። መምህር ሳሙኤል ፓቲ በአክራሪ ከታረደ ከሳምንታት በኋላ ነው። ከፍተኛው የአስተዳደር ፍርድ ቤትም በዓመቱ ውሳኔውን አጸናው። ከዚያ በኋላ ተጎጂው ለማን ይደውል?

አገር ቤትም ቢሆን ተመሳሳይ ነገር አይተናል። አክሱም ላይ በእኛ አቆጣጠር በ2017 ዓ.ም. ተማሪዎች በሂጃባቸው ምክንያት ከትምህርት ቤት ሲከለከሉ መቀሌ ላይ ሰልፍ ተወጣ። የትግራይ እስልምና ጉዳዮች ጠቅላይ ምክር ቤት ደግሞ ክስ መሠረተ። ሰልፉ ድምፅ አለው፣ መዝገብ ቁጥር ያለው ግን ክሱ ነው።

ስለዚህ ልመናዬ ይህ ነው። በመጪው መጋቢት 6 ከመግለጫው አጠገብ ለሐበሻ ሴቶች በአማርኛ ትንሽ ቦታ ስጡልን። የአውቶቡሱን ቁጥርና ሰዓቱን ጻፊ በሉልን። የተሰደብሽውን ስድብ ሳታሳምሪ እንዳለ ጻፊው። ካየ ሰው ስልክ ቁጥር ተቀበይ። የለንደን አውቶቡሶች ካሜራ አላቸው፣ ቀረጻው ግን ብዙ ቀን ስለማይቆይ አታዘግዪ። የወረቀት ነገር የሚያሰጋሽ ከሆነ ፖሊስ ዘንድ ከመሄድሽ በፊት ምስጢር ጠብቀው ለሚመዘግቡት ድርጅቶች ደውይ። እንግሊዝኛ ካስቸገረሽ ደግሞ ልጅሽን አስደውይ፣ እነሱ ከኛ ይሻላሉ።

አክባሪያችሁ፣
አንዲት አንባቢ ከለንደን