ቮልሳችሁን ወደ 12 ቮልት ከመቀየራችሁ በፊት ማሳውን (የኤሌትሪኩን መመለሻ ገመድ) አሳዩ

ክቡር አዘጋጅ፣

ባለፈው እትማችሁ ስለ አሮጌ መኪኖች የወጣውን ጽሑፍ አነበብኩ። ስለ ቮልስ የሚጽፍ ሰው በመገኘቱ ደስ ብሎኛል። አንዱን ምክር ግን ዝም ብዬ ማለፍ አልቻልኩም። 6 ቮልት መኪና ያለው ሁሉ ሳይውል ሳያድር ወደ 12 እንዲቀይር ይመክራል።

ሥራዬ የመኪና ኤሌትሪክ ነው። ጉለሌ ውስጥ ትንሽ ጋራዥ አለኝ፤ ደንበኞቼም አብዛኞቹ የቮልስ ሰዎች ናቸው። እንዲህ ያለውን ምክር ሰምቶ ገንዘቡን የሚያወጣ ሰው ብዙ ነው። ችግሩ ግን እዚያው ይቀራል፣ አንዳንዴም ይብሳል።

መጀመሪያ መኪናችሁ የትኛው እንደሆነ እወቁ። ቮልስ (ቢትል) ወደ 12 ቮልት የገባችው በእ.ኤ.አ. 1967 አካባቢ ነው። ርካሹ 1200 ግን ከዚያም በኋላ ለዓመታት በ6 ቮልት ተመርቷል። ስለዚህ ሊብሬው ላይ ያለውን ዓመት ብቻ አትመኑ። በዚህ ሁሉ ዘመን ስንት እጅ ነካክቷታል! ዲናሞው ላይና አምፑሎቹ ላይ የተጻፈውን አንብቡ። ፊያት 600 ያላችሁ አትጨነቁ፤ እሷ ከፋብሪካ ስትወጣም 12 ነበረች።

6 ቮልት ደካማ ነው የሚባለው ያለ ነገር አይደለም። 45 ዋት የፊት መብራት በ6 ቮልት 7.5 አምፔር ይስባል፤ በ12 ግን 4 እንኳ አይሞላም። ሞተሩን የሚያስነሳው ሞተሪኖ ደግሞ በመቶዎች የሚቆጠር አምፔር ይፈልጋል። አምፔሩ ሲበዛ የዛገው ብሎንና የላላው ማሰሪያ ሁሉ ቮልት ይበላል። ከ12 ላይ ግማሽ ቮልት ቢጠፋ ማንም ልብ አይልም። ከ6 ላይ ሲጠፋ ግን መብራቱ ቢጫ ይሆናል፣ ሞተሪኖውም ያቃስታል።

ባለፈው ክረምት አንዲት ወጣት መምህርት ከአባቷ የወረሰቻትን የእ.ኤ.አ. 1963 ቮልስ ይዛ መጣች። ጠዋት ጠዋት አልነሳ ትላታለች። ቀድሞ ያየላት ባለሙያ ባትሪው፣ ዲናሞውና ሞተሪኖው ሁሉ ወደ 12 ይቀየር ብሏታል። ቴስተር አወጣሁ። አንዱን ጫፍ ባትሪው ኔጌቲቭ ላይ፣ ሌላውን ሞተሩ ላይ አደረግሁና «እስቲ አስነሺው እህቴ» አልኳት። ከ1 ቮልት በላይ አሳየ። ግማሽ እንኳ መሆን አልነበረበትም።

መኪናው ሥር ገባሁ። ከካምቢዮው ወደ ሻሲው የሚሄደው ጠፍጣፋ የማሳ ገመድ የለም። በቦታው ቀጭን ሽቦ ታስሯል። ሞተሩና ካምቢዮው ጎማ ላይ ነው የሚቀመጡት። ደህና ማሳ ከሌለ ኤሌትሪኩ በጋዝና በፍሪሲዮን ኬብል እየተሹለከለከ ይመለሳል፣ ኬብሉንም ያግለዋል። ከሶማሌ ተራ ትክክለኛውን ማሳ አመጣን። ከባትሪ ወደ ሞተሪኖ የሚሄደውንም በወፍራም ገመድ ቀየርነው፤ ለ12 ተብሎ የሚሸጠው ለ6 አይበቃም። የሚያያዝበትን ብረት በብርጭቆ ወረቀት ፍቀን አጠበቅነው። በዚያው ባትሪ፣ በዚያው ሞተሪኖ ተነሳች። ዛሬም በ6 ቮልት ትምህርት ቤት ትመላለስባታለች።

12 አይሁን እያልኩ አይደለም። ማታ ከከተማ ውጭ የሚነዳ ሰው ደማቅ መብራት ያስፈልገዋል። ባለ 6 ቮልት ባትሪም እንደ ልብ አይገኝም። ሲቸግረው የሞተር ሳይክል ባትሪ የሚገጥም አለ፤ ይህ ፈጽሞ አያዋጣም። ለ6 ቮልት ቮልስ የሚሆነው 66 አምፔር ሰዓት የሚይዝ ባትሪ ነው። ምክንያታችሁ እንዲህ ያለ ከሆነ ወደ 12 ግቡ፣ እኔም ደስ ብሎኝ እሠራለሁ። ሥራው ግን ሙሉ ይሁን።

ዋናው ሽቦ ደህና ከሆነ አይነካም፤ ለ6 የተሠራ ሽቦ ለ12 ይተርፋል። ዲናሞው ከነሬጉሌተሩ ይቀየራል። ለካንዴላ እሳት የሚሰጠው ቦቢና፣ አምፑሉ ሁሉ እስከ ዳሽቦርዱ ድረስ፣ የፍሬቻው ሪሌ፣ ክላክሱ፣ የዝናብ መጥረጊያው ሞተር፣ ካርቡራተሩ ላይ ያለው አውቶማቲክ ቾክም እንዲሁ። ሞተሪኖ ላይ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። የ6 ቮልቷ ቮላኖ (ሞተሪኖው የሚያዞረው ባለ ጥርስ ክብ ብረት) በአብዛኛው 109 ጥርስ ነው፣ የ12ቷ 130፤ ሞተሪኖ ስትገዙ ይህን ካላያችሁ አይገጥምም። የድሮውን በ12 ማሠራት ይቻላል፣ ግን በኃይል ስለሚመታ ቁልፉን ረጅም አትያዙ።

ከሁሉ የሚያስፈራኝ ባትሪውን ብቻ 12 አድርጎ ሌላውን መተው ነው። የ6 ቮልት ዲናሞ ያንን ባትሪ አይሞላውም። የዝናብ መጥረጊያውም ሞተር ዝናብ መሀል ይቃጠላል። ደግሞ የቮልስ ባትሪ ያለው ከኋላ መቀመጫ ሥር ነው። የመቀመጫው ስፕሪንግ ብረት ነው፣ ሙሌቱም ደረቅ ቃጫ። ረጅም ባትሪ ከተገጠመና ሰው ከላይ ከተቀመጠ ስፕሪንጉ ፖዘቲቩን ይነካል። እሳት የሚነሳው እንዲህ ነው። እዚያ የምናስቀምጠው ልጆቻችንን ነው! ባትሪ ከመግዛታችሁ በፊት ቁመቱን ለኩ፣ ፖዘቲቩንም በክዳን ሸፍኑ።

ይህን ደብዳቤ የመጀመሪያው ጽሑፍ በወጣበት ገጽ እንድታወጡልኝ እለምናለሁ። የሙያ ጓደኞቼንም አንድ ነገር ልጠይቅ። የቀየራችሁትን ዕቃ ሁሉ በወረቀት ጽፋችሁ ለባለመኪናው ስጡ። መኪናዋ ስትሸጥ ወረቀቱ አብሮ ይሂድ፤ ገዢው የትኛው 6፣ የትኛው 12 እንደሆነ ይወቅ።

ከአክብሮት ጋር፣
አንድ የመኪና ኤሌትሪክ ባለሙያ
ከጉለሌ፣ አዲስ አበባ