ኩዊን ላቲፋ፦ ራፑ ይቀድማል

ለዝግጅት ክፍሉ፣

በቅርቡ ስለ ኩዊን ላቲፋ ባወጣችሁት ጽሑፍ «ራፕም የምትሞክር የፊልም ተዋናይት» መባሏ የሕይወት ታሪኳን ገልብጦታል። እ.ኤ.አ. በ1970 በኒው ጀርሲ ግዛት ኒውዋርክ ከተማ የተወለደችው ዳና ኦወንስ (የኩዊን ላቲፋ እውነተኛ ስም ነው) የመጀመሪያ አልበሟን ያወጣችው በ1989 ነው፤ ገና አሥራ ዘጠኝ ዓመቷ ነበር። በ«ቺካጎ» ፊልም ለኦስካር የታጨችው ከዚያ ከአሥር ዓመት በላይ ቆይቶ ነው።

ቅደም ተከተሉ ተራ ጉዳይ አይደለም። በ1995 ግራሚ የተባለውን የአሜሪካ የሙዚቃ ሽልማት ያስገኘላት «ዩኒቲ» የተሰኘው ዘፈን ሴቶችን በስድብ መጥራት በተለመደበት የራፕ ዓለም ውስጥ የቀረበ ሙግት ነበር። በዘፈኑ ውስጥ ሴቲቱ በመንገድ ስታልፍ የነካትን ወንድ ዞራ ፊት ለፊት ትጋፈጠዋለች። ያ ድፍረት ነው በኋላ በካሜራ ፊት ያየነው። በ1993 የጀመረውን «ሊቪንግ ሲንግል» የተባለ ተከታታይ የቴሌቪዥን ኮሜዲ በመሪ ተዋናይነት ስትሠራም የመክፈቻ ዜማውን ያቀነቀነችው ራሷ ናት (ጽሑፋችሁ ይህን ጨርሶ አላነሳም)። በ2023 በአሜሪካ ለኪነ ጥበብ ሰዎች የሚሰጠው የኬኔዲ ማዕከል ክብር ሲሰጣትም በሴት ራፐርነት የመጀመሪያዋ ሆናለች።

ስለዚህ በሚቀጥለው እትም አጭር ማረሚያ ይውጣ፤ ከጎኑም አልበሞቿና ፊልሞቿ በየዓመታቸው በአንድ ሠንጠረዥ ቢቀመጡ መልካም ነው።

አንባቢያችሁ፣ ከአዲስ አበባ